የለም ያለው ማሽን

የምሠራው እስራኤል ውስጥ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ወደ ጊቫት ሽሙኤል መውጫ ባለ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ ቤት ነው። ሥራዬ ኮምፒውተሮቹን መጠበቅ ነው። አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው ስለሌለ ግን ከኢትዮጵያ የመጡትን የእኛን ሰዎች ማነጋገሩም እኔው ላይ ወድቋል።

ማክሰኞ ጠዋት ኦፊርን የምታክመው ዶክተር ቢሯችን መጥታ የሚስማማው ለጋሽ ፈለገች። ኦፊር የአሚሻቭ ሰፈሯ የተናኜ አንድ ልጅ ነው፤ የደም ካንሰር ይዞታል። ለእሱ ሲባል ባለፈው ወር የአሚሻቭ ሰው ምኩራብ ውስጥ ተሰልፎ ለለጋሽነት ምርመራ ምራቁን ሰጥቷል። ፍለጋው ግን «ዜሮ ውጤት» አለ። ዶክተሯም በማግስቱ ሌላ ከባድ ሕክምና መጀመሯ እንደማይቀር ነግራኝ፣ እናቲቱ ዛሬውኑ ትወቀው አለች።

እንዲህ ያለ ወሬ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ክፋር ጋኒም ሰፈር የሚኖሩትን ሽማግሌ፣ አባ ደሴን፣ ቤቷ ሄደው እንዲነግሯት ለመንኳቸው። «በሰደር፣ እሺ ልጄ» ብለው ተነሡ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ይጥፋ? በንዴት የራሴን ስም ጻፍኩ፤ እኔም ሰልፉ ላይ ነበርኩ። ዜሮ ውጤት። ቁጭ ብዬ እየተነፈስኩ የለሽም ተባልኩ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ፕሮግራምም እንደ ሰው የራሱ መግቢያ ስምና ፈቃድ አለው፤ ፍለጋው በዚያ እየገባ መዝገቡን ያነባል። የደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ፈቃዱ በዝቷል ስላሉ፣ እሑድ ዕለት በጥድፊያ የቀነስኩት እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የፕሮግራሙን የስህተት ማስታወሻ ስከፍት «ማንበብ አልተፈቀደም» የሚል መስመር ተደርድሯል። የድሮዎቹ ለጋሾች ቀድሞ ስለተነበቡ ይታያሉ፤ ውጤታቸው ሰኞ የገባውን የአሚሻቭን ሰዎች ግን ጭራሽ አላያቸውም። ደንቆሮ ማሽን! እንዳላይ ተከልክያለሁ ማለት ሲገባው የለም አለ።

አባ ደሴ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ክፉ ወሬ የያዘ ሽማግሌ ስልኩን ያጠፋል። ተናኜ ጋ ልደውል? ምን ብዬ? ምናልባት ብዬ ተስፋ ሰጥቼ መልሼ ብነጥቃትስ?

የማንበብ ፈቃዱን ብቻ መለስኩና መዝገቡ ሁሉ እንደገና እንዲነበብ አዘዝኩ። ይጎተታል። አባ ደሴ ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ደረጃ ሲወጡ፣ በር ሲያንኳኩ ይታየኛል። አለቃዬ ሮኒት ምን ሆንሽ ብትለኝ ወደ ማሽኑ ጠቆምኳት።

ሲያልቅ ዶክተሯን እየጎተትኩ አምጥቼ እንደገና እንድትፈልግ አደረግኳት። አንድ ውጤት። ደጋግማ አነበበችው። በጣም ይስማማል፣ ማረጋገጫ ምርመራ ይቀራል፣ የነገውን ሕክምና ግን አቆየዋለሁ አለች።

ተናኜ ጋ ደወልኩ። ያነሡት አባ ደሴ ናቸው።

«ነገሯት?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኧረ ገና ነኝ። የዘመድ ደኅንነት እየተጠያየቅን ነው።»

ያ ማለቂያ የሌለው ሰላምታችን ስንቴ አንገሽግሾኛል! ያን ቀን ግን ሰው ቢሆን አገላብጬ በሳምኩት።

ስልኩን ለእሷ እንዲሰጡልኝ ለመንኩ። ለጋሽ መገኘቱን፣ አንድ ምርመራ መቅረቱን፣ ፍለጋውን ያሳወርኩትም እኔ መሆኔን ነገርኳት።

«ማዕዛ» አለችኝ፣ «አባ ደሴን በር ላይ ሳያቸው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር። ልመልሰው?»

«መልሺው» አልኳት።