የወገብ መርፌ

እኔ ኪስ ሰፊ ነኝ። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ሱሪን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰፋ ሰው የለም፤ አንዷ ዚፕ ትገጥማለች፣ አንዷ እግሩን ታጥፋለች፣ እኔ የኋላ ኪስ እለጥፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መቀመጫ ላይ የሚውል ነገር ስሰፋ ስለምውል ብዙ ቁም ነገር አይጠበቅብኝም። ምላሷ ከማሽኗ ይፈጥናል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለ ወንበሬ አስቀድሜ የማወራው ጥፋቴ ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

የእርግዝናዬን ስምንተኛ ወር ስይዝ ሆዴ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ገጠመ። ወንበሬን ወደ ኋላ ብስብ እጄ አይደርስም፤ ወደ ፊት ብጠጋ ሆዴ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ተጠጋሁ። የማሽኑ ሞተር የታሰረው ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ጠረጴዛው ይንዘረዘራል፣ ስለቀው ደግሞ አንዴ ዱብ ይላል። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ዚፕ ገጣሚ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ያንቺዋ እሽሩሩ አያስፈልጋትም፣ ተወልዳም ያለ ሞተር አትተኛም ትለኝ ነበር። መስመሩ በሙሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ክትትል የማደርግበት ክሊኒክ ያለችው ነርስ በቀን ቢያንስ አሥር ጊዜ መንቀሳቀሷን ቁጠሪ ብላኛለች። ረጋ ብለሽ፣ በጎንሽ ተኝተሽ ነው የምትቆጥሪው አለችኝ። እኔ ቤት ገብቼ በጎኔ ከተኛሁ ሁለት ሳልቆጥር እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ዚፕ ገጣሚዋን ባማክራት እኛ ሁላችንም እዚሁ ማሽን ላይ ነው የቆጠርነው፣ ማን ጊዜ አለው አለችኝ። በዚያ መስመር ያረገዘች ሁሉ እየሰፋች ነው የቆጠረችው፤ ልጆቻቸው ደኅና ናቸው፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እኔም እንደነሱ ቆጠርኩ። ሆዴ ዱብ ሲል አንድ ኪስ ወደ ግራ አደርጋለሁ፤ በግራ በኩል አሥር ሲሞላ የዛሬው አለቀ እላለሁ።

ማክሰኞ አሥር ሞላልኝ። ረቡዕም ከምሳ በፊት አሥር ሞላልኝ።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ስልሳ ማሽን ባንዴ ዝም አለ። ሰፊዎቹ እፎይ ብለው ወገባቸውን አፍታቱ፤ አንዳንዶቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ። እኔ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ ጠበቅኩ። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ፣ በጣቴ ገፋ ገፋ አደረግኳት። ምንም የለም። ያኔ ቀስ ብሎ ገባኝ። በግራ በኩል የደረደርኳቸው ኪሶች የልጄ አልነበሩም፣ የሞተሩ ነበሩ። ከወንበሬ የተነሳሁት ዚፕ ገጣሚዋ ብብቴ ሥር ገብታ ስታነሳኝ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዴ ላይ ብዙ ካዞረ በኋላ ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰና ልቧ ቆሟል አለኝ። ከመቼ ጀምሮ አልኩት። በርግጠኝነት አይታወቅም፣ ሁለት ቀን ሊሆናት ይችላል አለ። ሰኞ ማታ የጎድን አጥንቴን ረግጣኛለች፣ እሱን አልጠራጠርም። እንግዲህ ማክሰኞ ልጄ እየሞተች ወይ ሞታ እኔ አሥር ሞላልኝ ብዬ ምሳዬን በልቻለሁ። ሐኪሙ ማንም ጥፋተኛ የለም፣ ቀድመሽ ብትመጪም ላትተርፍ ትችል ነበር አለኝ። ላትተርፍ የምትችል ልትተርፍም ትችላለች፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

የቆጠራውን ነገር ለባሌም ለእናቴም አልነገርኳቸውም። ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ።

ምጥ የሚያስጀምረውን ኪኒን ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሰጡኝ። የልጆች ልቅሶ እንዳልሰማ ብለው ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለች ክፍል ውስጥ ነው ያስተኙኝ፤ እሰማ ነበር። ጥግ ላይ ለጨቅላ ማሞቂያ የተሠራች ትንሽ አልጋ አለች። አንሶላ አልብሰዋት የጓንት ካርቶን ደርድረውባታል። ባሌ ዓይኔ እዚያ ላይ መሆኑን አይቶ ወንበሩን አመጣና በመሀላችን ተቀመጠ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚያወጣው እንደ ውድ ዕቃ ቆጥቦ ነው። ተጫጭተን ሳለን እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ ብዬ ነው ያገባሁት።

አዋላጅ ነርሷ ገና ምጡ ጠና ሳይል ስለ ወገብ መርፌው ነገረችኝ። ጀርባሽ ላይ ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ከወገብ በታች ሕመሙን ያጠፋዋል፣ ባለሙያው ዛሬ አለ አለችኝ። እንዳንቺ ላለችው እኛም የምንመክረው እሱን ነው፣ ይህን ሕመም መቻል ምንም አይጨምርልሽም አለች። ደግ ሴት ናት፣ ድምፅዋም ዝግ ያለ ነው። አልፈልግም አልኳት። ካርዴ ላይ አልፈለገችም ብላ ጻፈችና ሐሳብሽን ከቀየርሽ ጥሪኝ ብላ ወጣች።

እናቴ ይህን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ስድስት ወልዳለች፣ ስድስቱንም ያለ መርፌ። ስለ ምጥ እንዳላወራላት ገና በጠዋቱ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብላ አፌን አስይዛኛለች። ስልኳ አያርፍም፤ ዘመድ ሁሉ እየደወለ ሳይደግስ አይጣላም ይላታል፣ እሷም ላጽናናሽ ብላ ታቀብለኛለች። ድግሱን እነሱ ይብሉት አልኳት። አልተቆጣችም። እጄን ያዘችና ዓይኔን እያየች ተናገረች።

"ስሚኝ ልጄ። ምጥ የሚቻለው መጨረሻው ላይ ልጅ ስላለ ነው። ልጅ በሌለበት ምጡ ብቻውን ምን ያደርግልሻል? ውሰጂው።"

መልስ ነበረኝ፣ ለእሷ የሚነገር ግን አልነበረም።

እስከ ረፋድ ድረስ ቻልኩ። የአልጋውን ብረት ይዤ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀለም ልጣጭ እያየሁ ቻልኩ። በየመሀሉ ጥሩ ነው እላለሁ ለራሴ፣ ይበልሽ፣ ገና ነው። ሌላ ሴት የምትጮኸው ይለፍልኝ ብላ ነው፤ እኔ እያንዳንዷን ምጥ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተነስቼ ነበር የምቀበላት። ባሌ ላቤን ይጠርጋል። አንዴ በጣም ሲጠናብኝ ፎጣውን ጣለና ስለ እናትሽ ብለሽ ውሰጂ አለኝ። ለምንድን ነው እንዲህ የምትሆኚው አለኝ። እናቴ ውኃ ልታመጣ ወጥታለች። ነገርኩት። ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ኪሶቹ፣ ስለ መብራቱ ነገርኩት። ከዚያም የተደበቀውን አወጣሁት።

"ስትሄድ አልተሰማኝም። ስትወጣ እንኳ ይሰማኝ።"

በልቡ ያለውን ፊቱ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር፣ የሸሚዙ አንገት ረጥቧል። ፎጣውን አነሳና ላቤን መጥረግ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ውሰጂ አላለኝም። እንዲለኝ የተመኘሁበት ሰዓት ግን መጣ።

ለእሱ ብዬ ወሰድኩት ብል ደስ ባለኝ። ለእናቴ ዕንባ ብዬ፣ ወይም ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሐኪም አስገድዶኝ ብል ያምርብኝ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። አመመኝ። ከምሳ ሰዓት በኋላ በምጥና በምጥ መሀል የነበረችው ዕረፍት ጠፋችና አንዱ ሳይወርድ ሌላው ይወጣ ጀመር። ልጄን ረሳኋት። እውነቱ ይኸው ነው፣ ረሳኋት፤ ዓለም ላይ ከእኔ ወገብ በቀር ምንም አልቀረም። ያን ሁሉ ቃል የገባሁት ሴት፣ ይበልሽ ስል የዋልኩት ሴት፣ በገዛ አፌ መርፌውን አምጡልኝ ብዬ ጮህኩ። እናቴ ተመስገን አለች። ባሌ ወለሉን አየ።

የማደንዘዣ ሐኪሙ በጣም ልጅ እግር ነው፤ መነጽሩ በአፍንጫው ላይ ወረድ ወረድ ይላል። ወረቀት አስፈረመኝ። ምጤ ጥቂት ዝቅ እስኪል ጠብቆ፣ ጀርባዬን እንደ ተቆጣ ድመት አስጎብጦኝ፣ በቀዝቃዛ ነገር እያጸዳኝ የሚለውን ይል ጀመር። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚለው ከፍጥነቱ ያስታውቃል።

"ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሻል። እንዳትንቀሳቀሺ። እግርሽ ይከብድሻል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይለቅሻል። ለልጁ ምንም ጉዳት የለ—"

አቋረጠ። እጁ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ቀረ። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ አለኝ። አውቀዋለሁ፤ እጅ ሥራ ሲለምድ አፍም አብሮ ይለምዳል። ይቀጥሉ ዶክተር አልኩት። ልሰድበው ይገባኝ ነበር፣ ግን መርፌውን ፈለግኩት።

ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሕመሙ መጀመሪያ ከግራ ጎኔ፣ ቀጥሎ ከቀኝ ወጣ። እግሮቼ የሌላ ሰው ሆኑ። እናቴ ጸጉሬን ወደ ኋላ መለሰችልኝ። ከዚያ ያደረግኩትን ለመናገር ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ተኛሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም ነበርና አፌን ከፍቼ፣ ትራሱ ላይ ምራቄን እያዝረበረብኩ፣ ሕልም የሌለው እንቅልፍ ተኛሁ። ስድስት ወር ሙሉ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ቢቻል ማንም ባይቀሰቅሰኝ ነበር የምወደው።

አዋላጇ ቀሰቀሰችኝ። ደርሷል፣ እንግፋ አለችኝ። ወዴት እንደምገፋ አላወቅኩም። እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ሲጠጥር አሁን ትለኛለች፣ እኔ እገፋለሁ። የምገፋው አየር ይሁን ልጅ አላውቅም። እሷ ጎበዝ፣ ጎበዝ ትለኛለች፤ ምኑ ላይ እንደጎበዝኩ እንጃ። እናቴ ከእግሬ በኩል ቆማ ነበር። ድንገት ሁለት እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየሁ።

"መጣች እንዴ?" አልኩ።

"መጥታለች እኮ" አለች አዋላጇ።

ልጄ ከሆዴ መውጣቷን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። ክፍሉ ጭጭ አለ። የሆነ ብረት ሳህን ላይ ተቀመጠ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እናቴን መጥላት ቃጣኝ፣ ልጅ እግሩን ሐኪም መጥላት ቃጣኝ፤ ጥላቻዬ ግን ሄዶ ሄዶ እኔው ላይ ነበር የሚመለሰው። ባሌ ግንባሬን ሳመኝ። ተሰማሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ያን ደግነቱን ምን ላደርገው እንደምችል አላውቅም ነበር።

አዋላጇ ጠርጋት በነጭ ጨርቅ ልትጠቀልላት ስትል እንዲሁ ስጪኝ አልኳት። ልብሴን ከፍታ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ።

መርፌው ደረቴ ጋ አልደረሰም ነበር። ክብደቷ ተሰማኝ፣ የጸጉሯ እርጥበት ተሰማኝ፣ ከንፈሯ አንገቴ ላይ ተሰማኝ። ሙቅ ነበረች። ለአንዲት ቅጽበት ተሳስተዋል፣ እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል አልኩ፤ ለመጮህ አየር ስቤ ነበር። ወዲያው ገባኝ። ሙቀቱ የኔ ነው። ከሆዴ ይዛው የወጣችው ነው።

መጀመሪያ እግሮቿ በረዱ። በመዳፌ ያዝኳቸው። ቀጥሎ እጆቿ በረዱ። ባሌ ይበርዳታል ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት። አዋላጇ ቆይታ ቆይታ ልውሰዳት ወይ ብትለኝ ገና ነው፣ ጀርባዋ ሙቅ ነው አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሥራ እንደሌላት ሰው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። እኔ መዳፌን ከጀርባዋ ላይ አላነሳሁም፣ ዓይኔንም አልከደንኩም። ከትከሻዋ ወደ ወገቧ እየወረደ፣ ጣት በጣት፣ ሙቀቱ ሲያልቅ ሁሉንም ተከተልኩት። መጨረሻ ላይ ከመዳፌ መሀል ሥር ትንሽ ቦታ ቀረች። እሷም በረደች።

ያኔ ውሰጃት አልኳት።