ቪዲዮው ላይ የሌለው ነጭ ሰሌዳ

ሰውየው ፎቶ አንሺ ነው፤ ቅጽል ስሙ «ባለ አንድ መብራቱ»። ስሙን ያወጡለት ተመልካቾቹ ናቸው። ሥራ ላይ እያለ ስልኩን ጥግ ላይ ተክሎ ራሱን ይቀርጽና ፎቶው እንዴት እንደተነሳ ለሕዝብ ያሳያል። «አንድ መብራት ብቻ! ሌላ ምንም የለም!» ይላል በየቪዲዮው፣ ደረቱን ነፍቶ። ውሸቱን ነው። ተነሺው ጉልበት ላይ ሁልጊዜ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ብርሃኑን ወደ ጠቆረው ጉንጭ የሚመልሰው እሱ ነው። ስልኩን የሚተክለው ግን ሰሌዳው እንዳይታይ አድርጎ ነው። «ሙያዬን ዘርግፌ ልስጣቸውና ነገ ፊት ለፊቴ ስቱዲዮ ይክፈቱ?» ይላል ለራሱ። ሠላሳ ምናምን ቪዲዮ ለቋል፣ አንዱም ላይ ሰሌዳ የለም። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ቀን ጠዋት ደንበኛ አስቀምጦ ክራቫቱን ሲያስተካክልለት ስልኩ ጮኸ። ሴት ልጁ ናት።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣኝ።»

«ምን ሆንሽ? ክፍል አይደለሽም እንዴ?»

«አይደለሁም። አንድ መጽሔት ፎቶ አንሺ ሊቀጥር እየፈተነን ነው።»

ክው አለ። ካሜራ እንዳትነካ የከለከላት ራሱ ነው፤ «ተማሪና ሰው ሁኚ፤ እኔ የተንከራተትኩት ይበቃል» እያለ። ለካስ ተደብቃ የእሱኑ ሙያ ስትማር ኖራለች! ደስም አለው፣ ደነገጠም፤ የቱ እንደቀደመ እሱም አያውቀው።

«በአንድ መብራት የሰው ፊት አንሱ አሉን። ልክ እንዳንተ አደረግኩ፤ መብራቱን ከግራ፣ ከፍ አድርጌ፣ ብርሃን በሚያለዝበው ጃንጥላ። ግማሽ ፊቱ ጥላሸት ሆነብኝ። አራታችንም እንደዛው። ፈታኙ ሳቀብንና 'ሁላችሁም ከአንድ ሰው ነው እንዴ የተማራችሁት?' አለን። አሥር ደቂቃ ሰጥቶናል፣ የመጨረሻ ዕድላችን ነው። አባዬ፣ ምኑን ነው የሳትኩት?»

ደንበኛው «ጌታው፣ ቸኩያለሁ እኮ» ሲል በእጁ ዝም አሰኘው።

«መብራቱን ትንሽ አርቂው።»

«አራቅኩት። ባሰበት።»

«እንግዲያው ጃንጥላውን…»

«አባዬ! ስድስት ደቂቃ ነው የቀረኝ! ቪዲዮህን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴህን በቃሌ ነው የማውቃት። ያልነገርከን ነገር አለ?»

ድምጿ ተሰበረ።

«ሰሌዳ አለ» አለ።

«የምን ሰሌዳ?»

«ነጭ። ተነሺው ጉልበት ላይ፣ ወደ ጠቆረው ጉንጩ አዘንብለሽ አኑሪው። ነጭ ወረቀትም ይሆናል። ቪዲዮው ላይ… እንዳይታይ አድርጌው ነው።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«እሺ» ብቻ አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«በይ ሩጪ!» አለ። «ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«እነዚህ ሦስቱም እኮ አንተን አምነው ነው የመጡት» አለች። «አንዷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቪዲዮህን እየመላለሰች ታያለች። 'ምን ዓይነት ደደብ ብሆን ነው የማይገባኝ?' እያለች ራሷን ትረግማለች።»

«የኔ ልጅ፣ ሞኝ አትሁኚ! የሚቀጥሩት እኮ አንድ ሰው ነው!»

«አውቃለሁ። ስፒከር ላይ አድርጌሃለሁ፤ አሁን ሁሉም ይሰሙሃል። ንገራቸው።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲጠጋ ተሰማው። «እውነት ራሳቸው ናቸው?» አለች አንዲት ልጅ። ሌላው ደግሞ በደስታ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ የእርስዎ ተማሪዎች ነን!» አለ።

ፊቱ ጋለ። ስልኩን ሊዘጋው አውራ ጣቱን አስጠግቶ ነበር። የሴት ልጁ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ እሷም ምን እንደሚል እየጠበቀች ነው። ሦስት ደቂቃ ብትቀራቸው ነው።

«ልጆች» አለ፣ «ዋሽቼአችኋለሁ። ነጭ ነገር ፈልጉ፣ ቶሎ በሉ።»