የእሜቴ ሆድ

ጥርስ ሠሪዋ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ አሸዋ ከተሞላው ሣጥን ውስጥ የድመቷን ኩስ በፕላስቲክ ማንኪያ አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ዛሬም ቀጭን ነው። ዛሬም ቢጫ ነው፤ ላዩ ላይ የቅባት ወዝ አለው።

አባቷ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

"እንዴት ነው ዛሬ?"

"ያው ነው።"

"ትንሽ እንኳ ጠንከር አላለም?"

"ትንሽ እንኳ።"

"እርጅና ነው እንግዲህ" አሉ። ስለ ድመቷ ይሁን ስለ ራሳቸው አልለየም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከኩሱ ቆንጥራ ክዳን ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተተችና እጇን ልትታጠብ ተነሣች።

ድመቷ እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት እናትየው ናቸው፤ ገና ግልገል ሳለች ጀምሮ ወንበር ላይ የምትወጣው እንደ ክቡር እንግዳ ቀስ ብላ፣ ከወጣች በኋላ ደግሞ ማንም የማያስነሣት ስለነበረች። አሁን አርጅታለች። አንድ ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል፤ ጥርሶቿም ከጥቂቶቹ በቀር ረግፈዋል። እናትየው በሕይወት ሳሉ፣ "ለአገሩ ሁሉ ጥርስ እየሠራሽ ለእሜቴ መሥራት አቃተሽ?" እያሉ ልጃቸውን ይተርቧት ነበር።

እናትየው በክረምቱ መግቢያ ላይ ድንገት ሞቱ። ልጃቸው ሬሳውን አስገንዛ፣ ለቅሶ ደራሹን ተቀብላ ሸኝታ፣ የእናቷን ልብስ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከታ ሥራዋ ገባች። አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰው "ወንድ ናት፤ ጠንካራ ናት" አላት። ጠንካራ እንዳልሆነች ግን እሷ ታውቀዋለች። ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ቢነክሰውም እንደማይሰማው፣ እሷም የሚነክሳት ነገር እንዳለ እያወቀች አይሰማትም ነበር። ያን ሰሞን የቀለጠ ሰም ጣቷ ላይ ፈስሶ ያየችው የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ "ኧረ እጅሽ!" ስትላት ነው ቀና ያለችው።

የእሜቴ ሆድ የተበላሸው ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው። ወጣቷ የእንስሳት ሐኪም በጆሮ ማዳመጫዋ አዳምጣ፣ ሆዷን ዳብሳ፣ "በዚህ ዕድሜዋ መድኃኒት ማብዛት አልፈልግም፤ እቤት ተከታተያት" አለች። ምን እንደምትበላ፣ ምን ያህል ውኃ እንደምትጠጣ፣ ታስመልስ እንደሆነ፣ ኩሷ ምን እንደሚመስል። ምግቧ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋና ሩዝ ይሁን፤ ቅባትም ጨውም አይግባበት። በየሳምንቱም ትመዘን።

ይህ ለጥርስ ሠሪዋ ተመቻት። ቢያንስ የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ ሠርተው የሚጨርሱት ነገር ነው። ከሥራ ስትመለስ በአንድ ድስት የእሜቴን፣ በሌላ ድስት የአባቷን ትቀቅላለች። ለአባቷ ዶሮው ከነቆዳው፣ ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር ሾርባ ይሆናል። ጠዋት አባቷ ምሳ የሚያሞቁትን አሳይታቸው ትወጣለች፤ ማታ ስትገባ ባዶውን ሣህን አንሥታ ታጥባለች። እሷ ራሷ ሥራ ቦታ ቆማ ዳቦ ትገምጣለች። ስልኳን ለከፈተው ሰው ከቀብሩ ፎቶዎች ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ምንም አይደለም፤ የድመት ኩስ ነው፣ በየዓይነቱ።

መመዘኑም የራሱ ሥርዓት ነበረው። እሜቴ ለብቻዋ ሚዛን ላይ አትቆምም፤ ለመታቀፍ እሺ የምትለውም የጥርስ ሠሪዋን አባት ብቻ ነው። ስለዚህ አባቷ መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ድመቷን ይዘው ይወጣሉ፤ ልጃቸው በልቧ አንዱን ካንዱ ትቀንሳለች። የድመቷን ክብደት ትይዛለች፤ የአባቷን እዚያው ትረሳዋለች።

ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ነጭ ካፖርቷን አውልቃ፣ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ወደ ሐኪሟ ሄደች። የጥርስ ቅርጽ የምታወጣበት ጄሶ ጥፍሯ ሥር እንዳለ ነው።

ሐኪሟ ጠርሙሱን ከፈተች፤ ጓንት አጥልቃ በቀጭን እንጨት ነካ ነካ አደረገችው።

"ምን እየሰጠሻት ነው?"

"ያልሽውን። ዶሮና ሩዝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ክብደቷስ?"

"አልቀነሰችም። እንዲያውም ትንሽ ጨምራለች።"

ሐኪሟ እንጨቱን አስቀመጠች። "እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጣት አሮጊት ድመት መመንመን ነበረባት። እስኪ ይሄን እዪው።" በእንጨቱ ጫፍ ብርቱካናማ ቁራጭ ለይታ አሳየቻት። "ካሮት ነው። ሳይፈጭ የወጣ። አንቺ ካሮት ትሰጫታለሽ?"

"አልሰጣትም።"

"እንግዲያው ሌላ የሚሰጣት አለ። ወይ እሷ ትሰርቃለች።"

"ደርሳ አትሰርቅም። መዝለል እንኳ አቅቷታል።"

"ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳም" አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። ጥርስ ሠሪዋ ግን አልሳቀችም። ሐኪሟም ፈገግታዋን ሰበሰበች። "ካሮቱ አይደለም ያሳሰበኝ። ሾርባ ከሆነ ቅባት አለበት፤ ሽንኩርትም ይኖርበታል። ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፤ ደሟን ይጨርሰዋል። የሚሰጣት ሰው ካለ ዛሬውኑ ያቁም። እሷንም ነገ አምጪልኝ፣ ደሟን ልየው።"

ጥርስ ሠሪዋ ስትወጣ ወደ ሥራዋ የሚወስደው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነበር። አልተሳፈረችም። መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤት በሚሄደው ገባች። አልተናደደችም፤ አባቷን እንዴት እንደምትነግራቸው ብቻ ታስብ ነበር። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሲበሉ ድመቷ ስታያቸው አንጀታቸው አልችል እያለ አንድ ሁለት ጉርሻ ጣል ያደርጉላታል፣ ሌላ ምን ይሆናል።

በሩን በቁልፏ ከፍታ ገባች። ከወጥ ቤቱ የአባቷ ድምፅ ይሰማል። እንግዳ የመጣ መስሏት መተላለፊያው ላይ ቆመች።

"ብዪ እንጂ" ይላሉ አባቷ። "ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ? ልጅቷ ደክማ ነው የሠራችው። እኔ እንደሆን እህል አፌ ውስጥ ጭድ ሆኖብኛል። አንቺም ከተውሽው ምን ልንላት ነው?"

አንድ እርምጃ ወደፊት አለች። አባቷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። እሜቴ ሌላው ወንበር ላይ፣ ከሥሯ ሁለት ትራስ ተደርቦላት፣ አገጯን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፋለች። ሾርባው ያለበት ሣህን ፊቷ ነው። አባቷ ሥጋውን በጣታቸው ይፈለፍሉላታል፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ማንኪያ ግን ደረቅ ነው፣ አልተነካም።

አባቷ ቀና ሲሉ አዩዋት። እጃቸውን ከሣህኑ ቀስ አድርገው መለሱ፤ ወንጀል ላይ እንደተያዘ ሕፃን ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

"ሚጣ" አሉ። "በደህና ነው በዚህ ሰዓት?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"አባባ።"

እሜቴ ሣህኑን አንድ ጊዜ ላሰችና አቆመች።

"እናትሽ ካለፈች ወዲህ አልወርድ አለኝ" አሉ በመጨረሻ። "መጀመሪያ እደፋው ነበር። ኋላ ተደፍቶ ብታገኚው ያሳፍራል ብዬ… ለእሷ ሰጠኋት። ባዶ ሣህን ስታዪ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው።"

"ደስ አላለኝም" አለች። "አላየሁትም እንኳ። ዝም ብዬ ነው የማጥበው።"

"እሱም ልክ ነው" አሉ አባቷ፣ ምንም ቅሬታ በሌለው ድምፅ።

ሣህኑን ከድመቷ ፊት አነሣች። ሽንኩርቱን፣ ሐኪሟ ያለችውን በአጭሩ ነገረቻቸው። አባቷ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ልገድላት ነበር በይኛ" አሉና እጃቸውን በእሜቴ ጀርባ ላይ አሳረፉ፤ እዚያው ተዉት። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያየችው። የእጅ ሰዓታቸው ማሰሪያ ከአንጓቸው አልፎ ወደ ክንዳቸው ሽቅብ ሄዷል፤ የሸሚዛቸው አንገት ሁለት ጣት ያስገባል። በየጠዋቱ በሩ ላይ ሲቆሙ ይህ ሁሉ አብሮ ቆሞ ነበር።

"ይነሡ" አለቻቸው። "ሚዛኑ ላይ ይውጡ።"

"እሷን ልያዛት?"

"አይ። ብቻዎን።"

ጫማቸውን አውልቀው ወጡ፤ በአንድ እጃቸው የበሩን መቃን ያዙ።

"ይልቀቁት አባባ።"

ለቀቁት። መርፌው ተወዛውዞ ቆመ። ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበችው። በየሳምንቱ ያነበበችው ቁጥር ነው፤ እየወረደ፣ እየወረደ እዚህ ሲደርስ ዓይኗ እያየ ነው። የድመቷን ለማግኘት ሲቀነስ እንጂ ለብቻው ቁጥር ሆኖ አያውቅም። አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ ይነሣ እንደሆነ ጠበቀች። አልተነሣም። ግድግዳውን ተደግፋ ቀና አለች።

"ስንት ይላል?" አሉ አባቷ።

"ትንሽ ነው የሚለው።"

"እርጅና…"

"እርጅና አይደለም" አለች። "ነገ እሜቴ ለደም ምርመራ ትሄዳለች። ከነገ ወዲያ እርስዎ።"

"እኔን ደግሞ ማን ሊያየኝ?"

"የሰው ሐኪም ያየዎታል፤ የእሜቴ ሐኪም ዘንድ አልወስድዎትም።"

የአባቷ ከንፈር ጠርዝ ትንሽ ተነቃነቀ። ሣቅ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ግን ከሣቅ ሠፈር የመጣ ነበር። ከሚዛኑ ወርደው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

ጥርስ ሠሪዋ ድስቱን ከፍታ ሾርባውን በሁለት ንጹሕ ሣህን ቀዳች። ድመቷን ከነትራሶቿ አንሥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻትና እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሜቴ የተደፈረች ያህል ጭራዋን አንዴ ወለሉ ላይ መታችው። አባቷ ማንኪያቸውን አላነሡም፤ እሷን ያያሉ። ማንኪያዋን ሞልታ ጎረሰች። ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት።

"ጨው የለውም" አለች።

"የለውም" አሉ አባቷ።

"ዛሬ ረስቼ ነው?"

"ዛሬ ብቻ አይደለም።"

የእሜቴን ያለ ጨው ስትሠራ እጇ ያንኑ ለምዶ፣ የአባቷንም ያለ ጨው ስትቀቅል ከርማለች። አንዴም አልቀመሰችውም።

"ታዲያ እንዴት አይነግሩኝም?"

"እኔስ ቢኖረው አውቀው ኖሯል?" አሉ። "አንቺ ግን አወቅሽው።"

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ናቸው። ከሰዓት በኋላ የሚወሰደው ሰው ሠራሽ የላይ ጥርስ በሰም እንደተያዘ ጠረጴዛዋ ላይ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ሽማግሌ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው የሚጠብቁ መሆናቸውን ታውቃለች። ሌላ ቀን ቢሆን እየሮጠች ትመለስ ነበር። አነሣችው።

"ኧረ የት ጠፋሽ?" አሉ አለቃዋ። "ሰውየው መጥተዋል እኮ።"

"ነገ ጠዋት ይደርስልዎታል ይበሉልኝ፤ ይቅርታም ይጠይቁልኝ" አለች። "ዛሬ አልመለስም።"

"ምነው፣ በሰላም? አባትሽ አመማቸው እንዴ?"

ጥርስ ሠሪዋ አባቷን አየቻቸው። ማንኪያውን አንሥተው በሣህኑ ላይ ይዘውታል፤ አልጎረሱትም፣ አልመለሱትምም።

"ምሳ እየበላን ነው" አለች፤ ስልኩን ዘጋችና ጨው ልታመጣ ተነሣች።