ሠላሳ ሰከንድ

«ናይ፣ ናይ! አጥፋው አባዬ!» ሉሊት ጮኸች። ስትናደድ የኖርዌይኛው «አይ» ይቀድማታል።

ግዛው የሞባይሉን መብራት አጠፋ። «ሰዓት ባይ ምን አለበት? ሁለት ሰዓት ላይ መሀል ከተማ፣ ቢየርቪካ ሥራ እገባለሁ።»

«ካሜራው ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ ክፍት ነው አላልኩህም? አበላሸኸው!»

«ብርዱን የምጠጣው እኔ፣ የማበላሸውም እኔ!»

የቆሙት ሰፈራቸው ፉሩሴት፣ ከፎቆቹ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ነው፤ የራሳቸው ሳሎን መስኮት ከዚያ ይታያል። ጠቡ የተጀመረው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነበር። ሉሊት ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰሜን ያለ የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ለመግባት ቅጽ ሞልታለች፤ የጎደለው የአባት ፊርማ ብቻ ነው፤ ነገ ካልገባ አለቀ። ግዛው ነርስ እንድትሆን ነው የሚፈልገው። አልፈርምም ሲላት ቅጹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ጠቅጥቃበት፣ ማታ ሰማይ ላይ የሚወጣውን የሰሜን ብርሃን ልታነሳ ካሜራዋን ይዛ ወጣች። እሱም «ብቻሽን አታመሺም» ብሎ ተከተላት።

«እና የታለ የሰሜኑ ብርሃን?»

«ያውልህ።»

ቀና አለ። ከዛፎቹ በላይ አንድ የገረጣ ጭረት፣ በቃ።

«ይሄማ ደመና ነው።»

«ቆይ፣ አትንቀሳቀስ።»

ትንፋሹን ያዘ። ካሜራው ቀጭ ሲል ትንሿ ስክሪን ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘረጋ፤ ጫፉ ቀይ። ሰማዩን አየ፤ ያው ጭረት። ስክሪኑን አየ።

«ቀለም ጨምረሽበት ነው?»

«እያየኸኝ አይደል ያነሳሁት!» ሳቀች። «የእኛ ዓይን ይቸኩላል፤ ካሜራው ይጠብቃል።»

«ሃያ ዓመት ስኖር አንድ ቀን አላየሁትም።»

«አንተ የምታየው ወለል ነዋ፣ ስትወለውል።» ወዲያው ደነገጠች። «አባዬ፣ ማለቴ...»

«ይሁን፣ እውነትሽን ነው። በይ አንሺ፣ ሳይጠፋ።»

ዓይኗን ሰማዩ ላይ ተክላ መቁጠር ጀመረች። ግዛው ጓንቱን አወለቀ፤ ቅጹንና እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱ ወደ ሞባይሉ ቁልፍ ሄዶ ተመለሰ። እስክሪብቶው በብርዱ እምቢ ሲለው ተነፈሰበት። የፊርማው ቦታ ከታችኛው እጥፋት በላይ እንደሆነ ቤት አይቷል፤ እጥፋቱን በጣቱ ዳበሰና ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በጨለማ ፈረመ።

ወረቀቱን እግሯ ሥር ባስቀመጠችው ቦርሳ ውስጥ አስገባ። ጓንቱን ቦርሳዋ ላይ ተወላት፤ የእሷ ስስ ነው። ከዚያ በካሜራው ጀርባ ዞሮ፣ በረዶው እንዳይንኮሻኮሽ ቀስ እያለ እየረገጠ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ቁልቁል ወረደ።

«ሃያ አራት» አለች ሉሊት፣ «ሃያ አምስት።»