ስምንት ሰማያዊ

«ባዶውን ጎታ ምን ቢቸግርሽ እንዳትነኪው» ይላል አንደኛው ድምፅ።

«ታዲያ እንዲሁ ባዶውን ተገትሮ ሊከርም ነው?» ይላል ሌላኛው።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሙሉሰው አያስታውሰውም። ልጅ ሳለ፣ ዲማ አጠገብ ካለው ከአባቱ ቤት፣ ኩፍኝ ይዞት መደብ ላይ ተሸፋፍኖ ተኝቶ ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት ጣራውን ቢያፈስሰው እናቱና ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ሐዋርያት እህል ከጎታ ወደ ጎታ ያገላብጡ ነበር። ገብሱ ከስንዴው ላይ፣ ስንዴው ከባቄላው ላይ ተጭኖ መላ ቅጡ ጠፍቷል። ለጥያቄው መልስ ተሰጥቶ ነበር፤ መልሱን ሰምታም አንደኛዋ ስቃ ነበር። የማንኛዋ ሳቅ እንደሆነ እንኳ ዛሬ አይለየውም። መልሱንማ ትኩሳቱ በልቶታል።

ይህ ወሬ ስንትና ስንት ዘመን ተኝቶ ኖሮ የተነሣው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ሙሉሰው ጠጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ የልጁን ስልክ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከባለቀለም ጠርሙሶች ጋር ትግል በገጠመ ጊዜ።

ነገሩን ያመጣው ካባ ነው። ሙሉሰው የቤተ ክርስቲያን ካባና ድባብ ጠላፊ ነው። ከይጁቤ እስከ መርጡለ ማርያም እጁን የሚያውቁ ካህናት ብዙ ናቸው። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ምስማር ተደርድሯል፤ በየምስማሩ ጥቅል ክር ተሰቅሏል። ከበሩ ወገን ቀዩ፣ ቀጥሎ ቢጫው፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ሰማያዊው፣ ከሁሉ መጨረሻ ወይን ጠጁ። ይህን ደንብ ያወጣችው ሚስቱ የብርጓል ናት። «ቤት ሥርዐት ይኑረው ብዬ ነው» አለችው፤ አመናት። ከዚያ ወዲህ እጁ ሳያይ ይዘረጋል፣ የዘረጋውንም ያገኛል።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል የብርጓል ለለቅሶ ይጁቤ ወረደች። ልጃቸው ሄለን ግድግዳው ጥላሸት ይዟል ብላ ክሮቹን አውርዳ ወለወለችና እንደ መጣላት መልሳ ሰቀለቻቸው። ሙሉሰውም እንደ ልማዱ እጁን እየዘረጋ ጠለፈ።

የዲማው መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ካባቸውን ሊወስዱ መጡ። ዘረጉት። አገላበጡት።

«ሙሉሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «መስቀሉ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ወይን ጠጅ ነው። ስልት ነው ወይስ ስሕተት?»

ሙሉሰው ካባውን ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ከላይ አየው፣ ከታች አየው። አንድ ሰማያዊ ነው።

«የዘንድሮ ክር ነው፣ የኔታ። ቀለሙ አይታመንም።»

«ክሩስ ታማኝ ነው» አሉ መሪጌታ በቀስታ። «ለፍልሰታ ፍቺ አድርስልኝ» ብለው ካባውን እዚያው ትተውለት ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። የብርጓል ከለቅሶ ተመልሳ ከደጁ ተቀመጠችና የተሳሳተውን ጥልፍ በምላጭ ትፈታ ጀመር። ሄለን ደግሞ አባቷን ትፈታ ጀመር።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይታዩ።»

«ጠበል እየተጠመቅሁ ነው።»

«ጠበሉን ማን ከለከለህ?» ትላለች የብርጓል ቀና ሳትል። «ጠበሉም የሱ፣ ሐኪሙም የሱ።»

ሙሉሰው የሚፈራው የሐኪሙን ምላጭ አልነበረም፤ ወሬውን ነው። ጠላፊው ዓይኑ ደከመ ከተባለ ካባ ይዞ የሚመጣ ደብር የለም። እጁ ከክር ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ሐኪም ያየው ዓይን ስም ይወጣለታል፤ ስም የወጣለት ነገር ደግሞ ገበያ ይወጣል። ይህን ለማንም አልተናገረውም፤ «ደኅና ነኝ» ይላል እንጂ።

ሄለን አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ስልኳ ላይ የጠርሙስ ጨዋታ ከፍታ ከፊቱ አስቀመጠችው።

«በሉ እንወራረድ። ይቺን ደረጃ ማንም ሳይረዳዎት ካለፉ የሐኪም ነገር ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ካቃተዎት ግን ተያይዘን እንሄዳለን።»

«በሱባዔ ጨዋታ?» አለች የብርጓል።

«ጨዋታ አይደለም» አለ ሙሉሰው። «ክርክር ነው።»

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። የተደረደሩ ጠርሙሶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አራት እርከን ቀለም ተደራርቧል። የላይኛውን ወደ ሌላ ጠርሙስ ትገለብጠዋለህ። የሚቀበልህ ግን ወይ መሰሉ ቀለም ወይ ባዶ ጠርሙስ ነው። ባዶዎቹ ሁለት ናቸው። በመጨረሻ እያንዳንዱ ጠርሙስ ባለ አንድ ቀለም ሲሆን አለፍህ ማለት ነው። ሄለን ራሷ እዚህ ደረጃ ላይ ሳምንት ሙሉ ተቸክላ ነበር።

ሙሉሰው የመጀመሪያውን ቀን በጥድፊያ ጨረሰው። ቀይ ባየበት ቀይ ይገለብጣል፤ ያልተመቸውን ሁሉ ባዶዎቹ ውስጥ ይከታል። ሦስት አራት ጊዜ ሳይገለብጥ ባዶዎቹ ይሞላሉ፤ ከዚያ ወዲያ መፈናፈኛ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ደግሞ አልፎ አልፎ ሌላ ጣጣ አለ። ሰማያዊን በሰማያዊ ላይ ሲገለብጥ ጠርሙሷ ብድግ ትልና ራሷን ነቅንቃ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

ስልኩን ይዞ ጎረቤቱ ፈንታ ዘንድ ሄደ። ፈንታ የስልክ ጠጋኝ ነው፤ ምላሱ ከመፍቻው ይሾላል።

«ይሄ ስልክ ሰማያዊ ሲሆን አይሠራም» አለው ሙሉሰው።

ፈንታ በእጅጌው መስተዋቱን ጠረገና ነካ ነካ አደረገው። «ምንም አልሆነ ጋሼ። ካቃተዎት እኮ ማስታወቂያ ቢያዩ አንድ ባዶ ጠርሙስ ይመርቅልዎታል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያልፈው።»

«በውርርዱ የለም።»

«ማን ያያል?»

«አንተ አየህ» አለና ስልኩን ተቀብሎት ወጣ።

ያን ጊዜ ነው፣ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ከመደቡ ላይ ሆኖ የሰማው ያ ድምፅ የመጣው። «ባዶውን ጎታ ምን ቢቸግርሽ እንዳትነኪው።» መንገድ መሐል ቆመ። ከኋላው የመጣ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፍቶበት አለፈ።

በማግስቱ ስልኩን ከመንካቱ በፊት ዝም ብሎ አየው። አንድ ካባ ሳይጠልፍ በፊት ጨርቁን እንደሚያየው ነው ያየው። ከላይ ያለው ቀለም እንግዳ ነው፣ ሄያጅ ነው። ባለቤቱ ከታች ያለው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ከየትኛው ይገጥማል?» ሳይሆን «ከታች ማን አለ? እሱ ዘንድ ለመድረስ ማን ማን ይነሣ?» ነው። አንዱ ጠርሙስ ቶሎ የሚራቆት ከሆነ ከሱ ይጀመራል። ያ ሲራቆት ሌላ ባዶ ይሆናል፤ የተበደረው ባዶ ተመለሰ ማለት ነው። ባዶ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ለመግባት የቀለለው ሳይሆን መንገድ የዘጋው ነው።

ይህን ካሰበ በኋላ በስልኩ ላይ መሞከሩን ተወውና ወደ መቁረጫ ጠረጴዛው ዞረ። ቁርጥራጭ ክር አወጣ። ስልኩ ላይ እንዳለው አድርጎ ክሩን በአራት በአራት ደረደረው። ቀይ ባለበት ቀይ ክር፣ ቢጫ ባለበት ቢጫ። የጥልፍ ንድፍ ሲያወጣም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ እጁ ካልነካው ሐሳቡ አይጨብጠውም። የብርጓል በር ላይ ሆና ጥልፍ እየፈታች አየችው። አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር፤ ውርርዱ ትዝ ሲላት ዘጋችው።

ጠረጴዛው ላይ ነገሩ ተፈታ። ክሩን ከዚህ ወደዚያ እያነሣ፣ ባዶውን እየቆጠበ፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። ያንኑ ስልኩ ላይ ሊደግመው ሲል ግን ጠርሙሷ እንደ ልማዷ ራሷን ነቀነቀች። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ፣ እምቢ።

ሙሉሰው ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ክሩን ቆጠረ። ቀይ አራት። ቢጫ አራት። አረንጓዴ አራት። ብርቱካን አራት። ሰማያዊ ስምንት።

እንደገና ቆጠረ። ስምንት።

ጠርሙስ የሚይዘው አራት ነው፤ እያንዳንዱም ቀለም አራት ነው። ሰማያዊ ብቻ ለምን ስምንት ይሆናል? ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። የብርጓል ተመልሳ ክሮቹን በቀድሞው ደንብ ሰቅላቸዋለች። ሰማያዊው አራተኛው ምስማር ላይ፣ ወይን ጠጁ አምስተኛው ላይ። ሁለቱን ትክ ብሎ አያቸው። ወደ አንዱ ቀረበ፤ ወደ ሌላው ቀረበ። ቦታቸውን ባያውቅ ኖሮ ወንድማማች ናቸው ይል ነበር። የቤቱ ሥርዐት ለቤቱ አልነበረም።

ተቀመጠ። ደጅ ምላጩ ክር ሲበጥስ ይሰማል፣ ጥስ፣ ጥስ። «እመቤቴ» አለ በልቡ። ስልኩን ለሄለን መልሶ «ይኸው ተሸነፍሁ» ማለት ይችል ነበር። ሆዱ ግን እምቢ አለ። ተጎትቶ የሚሄድ ሰው መሆን አልፈለገም። ደግሞስ ዓይን ባይለይ፣ የሚለይ ሌላ ነገር የለም ወይ?

ስልኩ ራሱ ይለያል። እስካሁን እምቢታውን እንደ ብልሽት ነበር የቆጠረው፤ እምቢታው ግን ምስክር ነበር። ሙሉሰው ጨዋታውን እንደ አዲስ ጀመረ። አንዱን ሰማያዊ አንሥቶ ሌላው ላይ ያስነካዋል። ከተቀበለው ወገኑ ነው፤ ከመለሰው ባዕድ ነው። ባዕድ የሆነውን ጠረጴዛው ላይ ባለው ክር ጫፍ ቋጠሮ ይቋጥርበታል። ከታች ያሉት ደግሞ ላያቸው እስኪነሣ አይጠየቁም፤ ስለዚህ ይገለብጣል፣ ይጠይቃል፣ ይቋጥራል፣ ይዘጋበታል፣ ከመጀመሪያው ይነሣል። ቋጠሮዎቹ ግን ይቀሩለታል። ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዘነበለ፤ ስልኩ ሊሞት ሲል ሄለን ቻርጀሩን ሰካችለት።

ስምንቱ ክር አራት ባለቋጠሮና አራት ልሙጥ ሆኖ በተለየ ጊዜ ሙሉሰው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳሰሳቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንደገና አሰላው። የቅድሙ መንገድ አይሆንም፤ ሁለተኛዋን ባዶ ቀደም ብሎ ሊነካት ፈልጎ እጁን ሰበሰበ። ልሙጡ ሰማያዊ ሁሉ ሲወጣ፣ ባለቋጠሮው ከታች ብቻውን ሲቀር፣ ያን ጊዜ ነው የምትፈለገው። ለጎታው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ይህ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። መስሎት ግን ፈገግ አለ።

ስልኩን አነሣ። በቀስታ ገለበጠ። አንዴም ራሷን የነቀነቀች ጠርሙስ አልነበረችም። የመጨረሻዋ ስትሞላ ስልኩ እልል አለ፤ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት መስተዋቱ ላይ ተበተነ።

ሄለን ከጓዳ ሮጣ መጣች። «አለፉት! ማስታወቂያ አይተው ነው?»

«ፈንታን ጠይቂው።»

አየችውና ደስታዋ ፊቷ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ያሸነፈው እሱ ነው፤ የተሸነፈው ደግሞ ዓይኑ ነው። «እሺ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ቃሌ ቃል ነው። የሐኪም ነገር ሁለተኛ አላነሣም።»

«አንቺ አታነሺም» አለ ሙሉሰው። አንዲት ባለቋጠሮ ክርና አንዲት ልሙጥ ክር ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱን ክር መዳፏ ላይ አኖረላት።

«የትኛዋ ሰማያዊ፣ የትኛዋ ወይን ጠጅ ናት?»

የብርጓል ክሮቹን አየች፣ እሱን አየችው። «ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። አንዱን ቋጠርኸው እንጂ ክሩን የወሰድኸው ካንድ ጥቅል ነው።»

«ስልኩ ላይ ግን አንዱ ወይን ጠጅ ነው።»

«ነው» አለች።

«የምስማሩን ሥርዐት ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽልኝ?»

«ከአምናው ጥምቀት ወዲህ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ኧረ ነግሬሃለሁ! የዘንድሮ ክር ነው አልኸኝ።»

ሄለን በሩ ላይ ሆና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ሙሉሰውም ሊቆጣ ሞክሮ አቃተው።

«ፍልሰታ ይፈታና እሄዳለሁ» አለ።

«ፍልሰታ ሲፈታ ዘመን መለወጫ ይልሃል» አለች የብርጓል፤ ምላጩን አንሥታ ሌላ ስፌት በጠሰች። «ዘመን መለወጫ ሲደርስ መስቀል ይልሃል። አንተን የማላውቅህ መሰለህ?»

ሙሉሰው ካባውን አየው። መስቀሉ ግማሹ ተፈትቷል፤ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ጨርቁ ላይ ቀርቷል። ጣቱን በቀዳዳዎቹ ላይ አስኬደ፤ አንድም አልሳተም።

«ይህን መልሼ የምጠልፈው እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ክሩን ስትሰጪኝ ስሙን እየጠራሽ ነው የምትሰጪኝ። ለመሪጌታም ካባውን ሲወስዱ ምክንያቱን ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ከሰው አይስሙት።»

«ሐኪሙስ?»

«ሰኞ» አለ ሙሉሰው። ከዚያ ቃሉ ወደ ኋላ እንዳያመልጠው የፈራ ይመስል ወደ ሄለን ዞረ። «ሰኞ ጧት ከቅዳሴ በፊት ወረፋ ትይዢልኛለሽ። ገብቼ ስምንት ሰማያዊ አየሁ እለዋለሁ፤ የሚሠራውን ይሥራ።»