ማስቲሽ ክፍሉ ግቢ የወጣ ዕለት

በጫማ ፋብሪካው ማስቲሽ ክፍል የምትሠራውን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ቆንጥር» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ተቆጣጣሪው ነው፤ አንድ ቀን ሊሰድባት አፉን ሲከፍት እሷ ቀድማ ልክ ልኩን ስለ ነገረችው። ሴቶቹ ስሙን ሲሰሙ ትቆጣለች ብለው ፈርተው ነበር። እሷ ግን ወደደችው።

«ማር ብሎኝ ቢሆን ነበር የሚያሳፍረኝ» አለች።

ለተቆጣጣሪውም የወጣለት ስም ነበረ። ባለ ፋብሪካው ምንም ቢናገረው መልሱ አንድ ስለሆነ፣ ከጀርባው «እሺ ጌታዬ» ይሉታል።

የቆንጥር ታናሽ እህትም እዚያው፣ በአንድ ጠረጴዛ ከእሷ ጋር ትሠራለች። ቆንጥር ሶሉን በብሩሽ ማስቲሽ ትቀባለች፤ ታናሿ ማስቲሹ ጠጠር እስኪል ጠብቃ፣ ፎርማ ላይ ከተወጠረው ቆዳ ጋር አጋጥማ በሁለት እጇ ትጫነዋለች። ይቺኛዋን «ሳቂታ» ነው የሚሏት። ዝንብ ብታልፍ ትስቃለች። ከሳቋ ግማሹ የማስቲሹ እንደ ነበር የታወቀው ኋላ ነው።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። መስኮት አለው፤ ግን ሁሉም በሚስማር ተቸንክሯል። አቧራ ገብቶ ማስቲሹ ላይ ካረፈ ሶሉ አይዝም፣ ስለዚህ አይከፈትም፤ ባለ ፋብሪካው ያለው ይህን ነው። ጠዋት ሲገቡ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ረፋድ ላይ አፍንጫ ይለምደዋል። ከምሳ በኋላ ግን ጭንቅላት ይከብዳል፣ ከንፈር ይደነዝዛል፣ አንዷ ያለ ምክንያት ትስቃለች፣ ሌላዋ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ያኔ «እሺ ጌታዬ» የወተት ሳጥኑን ተሸክሞ ይመጣና ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ብርጭቆ ያድላል።

«ጠጡ፣ ጠጡ! መርዙን ጠራርጎ ነው የሚያወርድላችሁ።»

ይጠጣሉ። ወተት ማን ይጠላል?

አንድ ቀን ማታ እህትማማቾቹ ከሥራ ሲመለሱ፣ ቆንጥር ዞር ብላ ስታይ የሳቂታ አንድ እግር ባዶ ነው።

«ነጠላ ጫማሽስ?»

ሳቂታ ወደ ታች አየች። አንዱ እግሯ ላይ አለ፣ አንዱ የለም። «ውይ!» አለችና ሳቀች። ተመልሰው ሲፈልጉት መንገዱ መሀል ወድቆ መኪና ሄዶበታል። ከወደቀበት እስከ ቆሙበት ድረስ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ ነው፤ ያን ሁሉ በባዶ እግሯ ረግጣው አልታወቃትም።

ቆንጥር አልሳቀችም። ቤት እንደ ገቡ ውሃ አፈላችና እህቷን እግሯን ልታጥባት ሳፋ ውስጥ ገለበጠችው። ቀዝቃዛ ልትጨምርበት ጆጉን ልታመጣ ዞር አለች። ስትመለስ ሳቂታ ሁለት እግሯን ውሃው ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ስለ አንዲት የሥራ ጓደኛቸው እያወራች ነው። እንፋሎቱ ፊቷ ድረስ ይወጣል።

«አውጪ! አውጪው እግርሽን!» ብላ ጮኸች ቆንጥር፤ ጎትታም አወጣቻት። እግሯ ቀልቶ በርበሬ መስሏል።

«ምነው እትዬ? ለብ ያለ እኮ ነው» አለች ሳቂታ።

በማግስቱ ከሥራ ቀርተው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሟ የተጎዳውን እግር በቅባት ካከመች በኋላ፣ ሳቂታን አልጋ ላይ አስተኝታ ዓይኗን አስጨፈነቻትና መርፌ አነሳች።

«ስነካሽ ንገሪኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ሐኪሟ ተረከዟን ነካች። ውስጥ እግሯን ነካች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካች። ሳቂታ ዝም ብላ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሳቅ አለችና፣ «ጀምሪ እንጂ ዶክተር፣ ፈራሽ እንዴ?» አለቻት።



«የት ነው የምትሠሩት?» አለች ሐኪሟ።

«ጫማ ፋብሪካ። ማስቲሽ ክፍል።»

«ክፍሉ አየር ያገኛል?»

«መስኮቱ ተቸንክሯል።»

ሐኪሟ መርፌውን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከማስቲሹ የሚተነው ነገር በትንፋሽ እየገባ ነርቭ እንደሚጎዳ፣ መጀመሪያ እግርንና እጅን እንደሚያደነዝዝ፣ እየቆየ ጉልበት እንደሚያሳጣ ነገረቻቸው። «ከዚያ ክፍል ከወጣች ቀስ እያለ ይመለስላታል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም። እዚያው ከቆየች ይብስባታል።»

«ወተት እኮ እንጠጣለን» አለች ቆንጥር።

«ወተቱ የሚገባው ሆድ ነው። ይሄ የሚገባው ሳንባ ነው። የት ተገናኝተው ያወርደዋል?» አለችና ሐኪሟ ዓይኗን ወደ እሷ መለሰች። «አንቺስ? እስቲ እጅሽን።»

ቆንጥር እጇን ነጠላዋ ስር ሸሸገች። የጣቶቿ ጫፍ ከደነዘዘ ሰንብቷል። የሸሚዟን ቁልፍ የምትቆልፈው በዓይኗ እያየች ነው። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሐኪሟ ግን እጇን ዘርግታ ጠበቀቻት፤ ኋላም ሰጠቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳቂታ በታላቋ ትከሻ ላይ ተደግፋ ነበር። መንገድ ላይ ድንገት፣ «እትዬ፣ ዝም በይ አደራሽን። ያባርሩናል» አለች።

«እግርሽን ቀቅዬልሽ ዝም ልበል?» አለቻት።

በማግስቱ ቆንጥር ብቻዋን ሥራ ገባች። ጠረጴዛዋን አልነካችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ተቆጣጣሪው ሄደች።

«መስኮቱ ይከፈት።»

«ጀመረሽ ደግሞ! አቧራስ?»

«አቧራውን እናጥበዋለን። ለእህቴ እግር ድንዛዜ ግን ማጠቢያ አጣሁለት።» ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የመርፌውንም፣ የሳፋውንም፣ የወተቱንም ነገር አንድ በአንድ ተናገረች። ብሩሽ የያዙት እጆች ቆሙ። አንዲቱ፣ «እኔም እኮ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይከዳኛል» አለች። ሌላዋ ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰቻቸው፤ ያማት እንደሆነ ለማየት።

ጉድ ፈላ! «እሺ ጌታዬ» ሮጦ ባለ ፋብሪካውን ጠራው። ባለ ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። ወደ ውስጥ አልገባም።

«ይህን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «መስኮት የሚከፈት የሚዘጋው እኔ ስል ነው። ያልተመቸው ካለ በሩ ክፍት ነው!»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምተውታል፤ ትርጉሙንም ያውቁታል። ቆንጥር ግን በሩን አየችው። ሰፊ በር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግቢው ይታያል፤ ግቢው ላይ ፀሐይ አለ፣ ነፋስ አለ።

«ሰማችሁ?» አለች። «በሩ ክፍት ነው ብለዋል።»

የጠረጴዛዋን አንድ ጫፍ አነሳች። ለአፍታ ያህል ብቻዋን ይዛው ቆመች፤ ጠረጴዛው ተንጋዶ ብሩሾቹ መንሸራተት ጀመሩ። ከዚያ ጉልበቴ ይከዳኛል ያለችው ሴትዮ መጥታ ሌላውን ጫፍ አነሳች። ባለ ፋብሪካው እንዲያሳልፋቸው ጥግ መያዝ ነበረበት። ከኋላቸው ሌላ ጠረጴዛ ተነሳ፤ ከዚያም ሌላ። የማስቲሹ ቆርቆሮ፣ ፎርማው፣ የሶሉ ክምር ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። አቧራ እንዳይነሳ መሬቱን ውሃ ረጩት። ከዚያ ተቀምጠው መቀባት ጀመሩ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» ብሎ ጮኸ ባለ ፋብሪካው።

«ጫማ» አለች ቆንጥር።

«ሥራ አቁማችኋል!»

«ማን አቆመ?» ገና የተጣበቀ ጫማ አንስታ ዘረጋችለት። «ይጎትቱት እስቲ። ከለቀቀ እኔም እለቃለሁ።»

አልጎተተውም። ፊቱ ደም ለበሰና ወደ ዘበኛው ዞረ። «አውጣቸው!»

ዘበኛው ሴቶቹን አየ፤ ግቢውን አየ፤ ራሱን እከክ እከክ አደረገ። «ወጥተዋል እኮ ጌታዬ።»

ከሴቶቹ ሳቅ ፈነዳ። ይህኛው ሳቅ የማስቲሹ አልነበረም።

ጫጫታውን ሰምተው የሌላው ክፍል ሠራተኞች ብቅ ብቅ አሉ። የስፌት ክፍሎቹ የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስላደነዘዘው እየጮሁ ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ ነገሩን እርስ በርስ ሲነጋገሩት መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ሰው አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ቆዳ ቆራጩ ሽማግሌም መጣ። «ጋሼ» ነው የሚሉት። ሥራው ይፍጠን ተብሎ የመቁረጫ ማሽኑ መከለያ ከተነሳ በኋላ፣ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት አጥቷል። አግዳሚ ወንበር አምጥቶ ጉልበቷ ለሚከዳት ሴትዮ ሰጣትና አጠገቧ ቆመ።

በነጋታውም ጠረጴዛዎቹን ይዘው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ባለ ፋብሪካው ፎቅ ላይ በመስኮቱ ሆኖ ፈገግ ብሎ ያያል። ሴቶቹ ጫማዎቹን እቅፋቸው ውስጥ ከተው ቆሙ። አንዳንዶቹ ወደ በሩ ማየት ጀመሩ፤ ቆንጥርም አየቻቸው፤ ልቧ ፈራ። ያኔ ከስፌት ክፍል አንድ ትልቅ የቆዳ መሸፈኛ ላስቲክ እየተጎተተ መጣ። ጋሼ አንዱን ጫፍ በሦስት ጣቱ ጨብጦ ወደ ላይ አነሳው።

«ቀቡ፣ ቀቡ ልጆቼ» አለ። «ዝናብ ሰው አይገድልም።»

«እሺ ጌታዬ» በዝናቡ መሀል የወተት ሳጥኑን ይዞ መጣ። «በሞቴ፣ ጠጡና ግቡ። እኔንም አታስባርሩኝ።»

ቆንጥር አዘነችለት፤ እሱም ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሰው። ግን ብርጭቆውን አልተቀበለችም። «ለቸነከራችሁት መስኮት አጠጣው» አለችው።

ባለ ፋብሪካው ልቡ ራርቶ አይደለም የተሸነፈው። አጥሩ ላይ የሚንጠለጠለው ሰው በየቀኑ እየበዛ ሄደ፤ ሴቶቹም ለጠየቃቸው ሁሉ ጣታቸውን እያሳዩ ይናገራሉ። ጫማ ሊጭን የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ከመኪናው ወርዶ ቆሞ ሰማቸው። በዚያው ሳምንት አናጢ መጣና ሚስማሮቹን ነቀለ። ቆይቶም አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ ግድግዳው ላይ ተገጠመ። ጓንትም ተሰጣቸው፤ ግን ስስ ነበር፤ ቶሎ ይቀደዳል፤ ሲቀደድ ሌላ እስኪመጣ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጡ ጀመር።

ሳቂታ ማሸጊያ ክፍል ተዛወረች። እግሯ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ደረጃ ስትወርድ አሁንም ግድግዳ ትይዛለች። አንድ ጠዋት ግን ከአልጋዋ ስትወርድ፣ «እትዬ! ወለሉ ይቀዘቅዛል!» ብላ ጮኸች። ሁለቱም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ሥራም ረፈደባቸው።

ቆንጥርን ግን አልማሯትም። አፏን እንድትዘጋ ብለው ሶል መሞረጃ ክፍል ወረወሯት። እዚያ ማሽኑ የሶሉን ጠርዝ ሲሞርድ ጥቁር ብናኝ ይነሳል፤ ሰው ከሰው አይለይም። የገባች ዕለት አጠገቧ የሚሠራው ጎልማሳ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ እያሳለ ነበር። ሳሉ አላባራ ስላለው ማሽኑን አጥፍቶ ተደገፈበት።

«ይሄ ሳል ከጀመረህ ስንት ጊዜው ነው?» አለችው።

«ኧረ ተይኝ፣ ብርድ ነው።»

«በዚህ ሙቀት ምን ብርድ አለ?»

ጎልማሳው ጨርቁን ከአፉ አውርዶ አየው፤ ጥቁር ነው። ቆንጥር የሥራ ካፖርቷን አራገፈች፤ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ወደ ባለ ፋብሪካው ቢሮ የሚወስደውን ደረጃ መውጣት ጀመረች። «እሺ ጌታዬ» ከላይ ሲወርድ አያትና ክው አለ።

«አሁን ደግሞ ምን ፈለግሽ?»

«ጥግ ያዝ» አለችው፤ ሳትቆም አለፈችው። ከኋላዋ ጎልማሳው እያሳለ ይከተላት ነበር።