ያልተቆረጠው ብሎን

እንኳን ለሙሽራ ለመኪናም ጌጥ የሚያስፈልግበት ዘመን ላይ ደርሰናል! ወንድዬ በጓደኛው ሠርግ ካሜራማኑን የሚጭነው እሱ ስለሆነ፣ ፒካፔ ካላማረ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ ወጣ ብሎ የሚገጠመውን ጥቁር ፕላስቲክ ገዝቶ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ወዳለው የፈሀድ ጋራዥ የመጣው በሠርጉ ዕለት ጠዋት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም።

ፈሀድ ፓራፋንጎውን በስቶ ገጠመለት። ብሎኖቹ ግን ረዘሙና ጫፋቸው ወደ ውስጥ፣ ወደ ጎማው አግጥጦ ቀረ። በግራይንደር ሊቆርጣቸው ሲል መብራት ጠፋ። ወንድዬ ደግሞ እላዩ ላይ ቆሞ ይጨቀጭቃል። ፈሀድ አጎንብሶ አየ፤ መኪናው ባዶ ስለሆነ በጎማውና በብሎኑ መሃል እጅ ያስገባል።

"ሰው እንዳትጭንበት፤ ከተጫነ ወርዶ ብሎኑ ጎማውን ይበላዋል። ነገ ና፣ እቆርጥልሃለሁ" አለው።

"ካሜራማኑን ብቻ ነው" አለ ወንድዬ።

የሠርግ ፒካፕ ባዶውን ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል? ፈሀድ ግን አመነው።

ከሰዓት በኋላ ክላክሱ ሰፈሩን ሲያናውጠው ሊያይ ወጣና ክው አለ። አጃቢው ፒካፑ ላይ ተጭኖ ይጨፍራል። ኋላው ቁጭ ብሏል፤ አዲሱ ጌጥ ጎማው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። ጭራሽ ዳር ላይ ቆሞ ኮቱን የሚያውለበልበው የገዛ ወንድሙ ሀያቱ ነው። ጎማው ቢፈነዳ መጀመሪያ አስፋልት ላይ የሚወድቀው እሱ ነው።

ፈሀድ ሮጠ። እየሮጠ ለሀያቱ ስልክ ደወለ፤ በዚያ ጭፈራ ማን ሊሰማው። ደግነቱ የሠርግ አጃቢ አደባባይ ሲያገኝ ሳይዞር አያልፍምና፣ ማዞሪያው ላይ ሲሽከረከሩ ደረሰባቸው። ጎማው፣ ጎማው እያለ የፒካፑን ጎን ደበደበ። ሀያቱ ሲያየው ፊቱ በራ። "ወንድሜ መጣ" ብሎ እጁን ያዘው፤ ሌሎቹም ብብቱን ይዘው ሽቅብ አነሡት። ፈሀድ ሳይወድ ከላይ ተገኘ። ጎማው ላይ አንድ ሰው ጨመረ ማለት ነው።

ፒካፑ አደባባዩን ለቆ ወደ ጦር ኃይሎች ቁልቁል ተለቀቀ። ፈሀድ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ፤ ጣሪያው ሲደበደብ ነው የዋለው፣ ወንድዬ በክላክስ መለሰለት። "አቁሙ" ብሎ ጮኸ፤ ጨፋሪዎቹ አቁሙ፣ አቁሙ እያሉ ተቀበሉት። የሀያቱን ጆሮ ይዞ ነገረው።

"ዛሬ እንኳ ሥራ ተው እንጂ" አለ ሀያቱ፣ አንገቱን አቅፎ እየሳቀ።

ያኔ ከእግራቸው ሥር ክርርር የሚል ድምፅ መጣ። የተቃጠለ ጎማ ሽታም ተከተለ። ፈሀድ ወንድሙን ወገቡን ይዞ ወለሉ ላይ ጣለውና ተኛበት። "ኧረ ልቀቀኝ፣ ልብሴን" ይላል ሀያቱ ከሥር። ፈሀድ በአንድ እጁ የፒካፑን ብረት፣ በሌላው ወንድሙን ጨምድዶ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ።

ጎማው ፈነዳ።

ፒካፑ ተንገዳግዶ ሲቆም ሀያቱ ከሥሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈሀድ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ከእነሱ ሌላ ፒካፑ ላይ ማንም አልነበረም።